ለታቦት የገባ ኮንቴይነር

ሞጣ ውስጥ ዓይኔን ወደየትም ባዞር የማየው ኮንቴይነር ነው። ጸጉር የሚስተካከለው ኮንቴይነር ውስጥ፣ ስልክ የሚጠገነው ኮንቴይነር ውስጥ፣ አቮካዶ የሚጨመቀው ኮንቴይነር ውስጥ። ልጄ ደሳለኝማ ኑሮው ሁሉ እሱ ነው፤ መኪናው ከጅቡቲ ይጭናል፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተራ ይጠብቃል፣ ባሕር ዳር ያራግፋል፤ እሱ ደግሞ ምሳ ሲቀርብለት በአንድ እጁ እየጎረሰ በሌላው ስልኩን እየነካካ መኪናው የት እንደደረሰ ያያል። እኔ የዚያን የብረት ሳጥን ስም በሰማሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ሰው ሁሉ "ምን አደረገሽ? እንጀራችሁ አይደለም ወይ?" ይለኛል። እንጀራችን ነው፣ አልካድሁም። ግን አንድ ጊዜ ቤቴን ሊበላብኝ ነበር። እውነቱን ልናገር ከተባለም፣ ሊበላብኝ የነበረው የባሌ አፍ ነው።

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴን የስማቸውን የሰባት ዓመት ተዝካር ለማውጣት ከሞጣ ወደ ቢቸና ሄድን። ደሳለኝ ነው የነዳው። ገና ከከተማው ሳንወጣ ጀመረኝ። "እማዬ፣ የቢቸናውን ቤት እንሽጠው። ባዶ ቤት ለማን ይጠቅማል? አንድ ጥሩ ገዢ አግኝቻለሁ፤ ሁለተኛ መኪና እናወጣበታለን" አለኝ። ዝም አልሁት። ዝምታዬን እሺታ አደረገው መሰለኝ፣ እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ ስለ ተሳቢ፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ባንክ ሲያወራልኝ ቆየ። ደብረ ወርቅ ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ መንገዱ ዳር አንድ ነጋዴ ኮንቴይነር ያስከፍታል። በሩ እንደተከፈተ ያ ሽታ ወጣ፤ ታፍኖ የቆየ ብረት፣ የረጠበ ጣውላና ሳሙና። የሻይ ብርጭቆዬን እንደያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ወደ ቢቸና የገባ ዕለት እኔ ገና ወገቤ ያልጎበጠ ሴት ነበርሁ፤ ስማቸውም ኮቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ ጎረምሳ ቢጤ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ወደባችን አሰብ ነበር፣ ይኸው ይብቃችሁ። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ይጠጣ ነበር፤ የዚያን ጊዜ የአንድ ኩንታል ጤፍ ዋጋ ዛሬ የአንድ ሳምንት ሽንኩርት አይገዛም። ወንዶቹ ቴትሮን ሱሪ ከታች ሰፋ አድርገው ያሰፉ ነበር፤ የሹፌር ነገር ከሆነ ደግሞ ኪሱ አራት የሆነ ካኪ ኮት የግድ ነው። ሴቶቹ በናይሎን ሻሽና በሽንሽን ቀሚስ ነበርን። የቢቸና መናኸሪያ ጥግ ላይ አንድ ሰዓት ሠሪ ነበረ፤ የራሱ ሰዓት ግን ሁልጊዜ ቆሞ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ሻይ ቤት፣ ሻይ ቤቱ ውስጥ ቴፕ፣ ቴፑ ውስጥ አንድ ካሴት። ክሩ ሲጠመዘዝ በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ይመልሱትና ያችኑ ዘፈን እንደገና ነው። ዘፈኑ የሹፌር ፍቅረኛ የምታለቅስበት ነበር። እኔ የሹፌር ሚስት ነበርሁ፤ የሹፌር ሚስት ከማልቀስ ይልቅ መናደድ እንደሚቀናት የሚያውቅ ዘፋኝ ግን ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ስማቸው የጀመረው በአንዲት ኤንትሬ ነው። ኤንትሬ ማለት ያች አሮጌ የጣሊያን የጭነት መኪና ናት፤ ዓባይ በረሃ ስትወርድ ታለቅሳለች፣ ስትወጣ ታቃስታለች። ከአባቴ በወረስሁት ከብት ግማሹን ሸጠን፣ እሱ በሰው መኪና ላይ ለዓመታት በላቡ ያጠራቀመውን ጨምረን ገዛናት። ከቢቸና ጤፍ ይጭናል፣ ከአዲስ አበባ ጨውና ሳሙና ይመልሳል፤ አልፎ አልፎም አሰብ ይወርዳል። ደጀን ሲደርስ ፊቱን ይታጠባል፣ ቢቸና ሲደርስ ግን ከፀጉሩ እስከ ጫማው አፈር ለብሶ ነው የሚገባው፤ መንገዱ ኮረኮንች ነበር። ኑሯችን ደህና ነበር። በጭቃና በእንጨት የተሠራች፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ ያላት ቤት ሠራን። የግድግዳዋን ጭቃ ያቦካሁት እኔ ነኝ፤ ጭዱ እግሬን ሲወጋኝ የዋለው እስከ ዛሬ ይሰማኛል። እንግዲህ ይቺ ቤት ናት የነገሩ ሁሉ መነሻም መድረሻም።

አንድ ቀን ከአሰብ ሲመጣ ፊቱ በርቷል። "የሻረግ፣ ጉድ አየሁ" አለኝ። "መርከቡ ሳጥን ያወርዳል። ቤት የሚያህል ሳጥን። አይፈታ፣ አይበተን፣ እንዳለ መኪና ላይ ይጫናል።"

"እና እኛን ምን አገባን?"

"ቢቸና የሚገባው የመጀመሪያው ሳጥን የእኔ መኪና ላይ ይሆናላ!"

ያን ጊዜ ኮንቴይነር ከአዲስ አበባ አያልፍም ነበር። እዚያ ይራገፍና ዕቃው በትንንሽ መኪና ወደየአገሩ ይበተናል። የስማቸው ነገር ግን መጀመሪያ መሆን ከሆነ ገደልም ቢሆን ይገባል። ወቅቱ ደግሞ ገጠመለት፤ አዲስ አበባ ያሉ የአገራችን ተወላጆች ለደብራችን ቤተ ክርስቲያን ክዳን የሚሆን ቆርቆሮና አንድ ትልቅ ደወል ከውጭ አስመጥተው ነበር። "እንዳለ በሳጥኑ አደርሰዋለሁ" ብሎ ማለ። የመርከቡ ወኪል ደግሞ ሞኝ አይደለም። "ሳጥኑ የመርከብ ኩባንያው ነው፤ ባዶውን መመለስ አለብህ። እስክትመልስ መያዣ አምጣ" አለው። መያዣ ማለት የቤታችን ካርታ ነው። ስማቸው መጥቶ "ፈርሚ" አለኝ። "ባይመለስስ?" አልሁት። "እንዴት ሳጥን አይመለስም? እግር የለው!" ብሎ ሳቀ። እኔም ፈረምሁ።

ሁዳዴ ሳይገባ ኮንቴይነሩ ቢቸና ገባ። ጥሩምባው ከከተማው መግቢያ ጀምሮ አላቋረጠም። ሰዓት ሠሪው ሱቁን ዘጋ፣ ሻይ ቤቱ ባዶ ቀረ፣ ተማሪው ከክፍል ወጣ፤ ሕዝቡ ያን ሰማያዊ ሳጥን እየተከተለ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሄደ። ስማቸው መኪናዋን ግንባሯ ላይ በአበባ አስጊጦ፣ ራሱም ካኪ ኮቱን አስተኩሶ ነበር፤ የት እንዳስተኮሰው እግዜር ይወቅ። በሩ ሲከፈት ያ ሽታ ወጣ። ቆርቆሮው ተራገፈ፣ ደወሉ በእልልታ ወረደ። ድግስ ነበረ፤ ጠላው በገንቦ ይቀዳል። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ "ሳጥኑ ነገ ይመለሳል፣ ካርታዬ ከነገ ወዲያ ይመጣል" እያልሁ ልቤን አጽናናለሁ።

ከዚያ መሪጌታ ጥበቡ መጡ። የደብራችን የቅኔ መምህር ናቸው፤ ያን ጊዜ ጺማቸው ገና አልሸበተም፤ ድምፃቸው ግን ያን ጊዜም ወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ገቡና ግድግዳውን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉት። "ስማቸው!" አሉ፤ "እንዴት ያለ ዕቃ ቤት ነው! አይጥ አይገባው፣ ምስጥ አይበላው፣ ዝናብ አይደፍረው!"

በአገራችን ታላቅ ሰው ያንተን ነገር ሲያደንቅ ዝም አይባልም። ነጠላሽን "ያምራል" ካሉሽ "ለእርስዎ ይሁንልዎ" ትያለሽ፤ እሳቸውም "በአንቺ ያምራል" ይላሉ፤ ነጠላሽ ትከሻሽ ላይ ይቀራል። ጨዋነት ነው፤ ማንም አይጎዳበትም። ስማቸው "የኔታ፣ ለእርስዎ ይሁንልዎ" ብሎ ቢሆን ኖሮ "በአንተ ያምራል" ይሉትና ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ጠላው ነበረ፣ ሕዝቡ ነበረ፣ የተተኮሰው ኮት ነበረ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ለታቦቱ ይሁን!" አለ።

ታቦት "በአንተ ያምራል" አይልም።

እልልታው ሲቀልጥ እኔ ተቀመጥሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፣ አፋፉን በዓይኔ አየሁት። ጎረምሶቹ ወዲያው ሳጥኑን በሰንሰለት ከትልቁ የጽድ ዛፍ ጋር አሰሩት፣ ከኋላ የባሕር ዛፍ ግንድ ደረደሩ። መኪናው ወደፊት ሲነዳ ሳጥኑ ከላዩ ተንሸራትቶ ግንዱ ላይ ቁጭ። መሪውን የያዘው ማን መሰላችሁ? ራሱ ስማቸው ነው! ማታ ቤት ስንገባ "ምን ነካህ? የሰው ዕቃ ለታቦት ይሰጣል ወይ?" ብዬ ጮህሁበት። "ሕዝቡ ሁሉ እልል እያለ ምን ልበል?" አለኝ። ይህንኑ ብቻ ነው የሚለው። "እልል እያሉ ምን ልበል?" ከዚያች ዕለት ጀምሮ ተኮራረፍን። እሱ መደብ ላይ፣ እኔ አልጋ ላይ።

ፋሲካ አለፈ። ከአዲስ አበባ የቴሌ ጥሪ መጣ። ስማቸው ቴሌ ቢሮ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ አመድ ነበር። ወኪሉ ክረምት ሳይገባ ሳጥኑ ካልተመለሰ ቤታችን ይሸጣል ብሎታል፤ በዚያ ላይ ባዶው ካልመጣ ሌላ ጭነት አይሰጠውም። "ሄጄ ልለምነው" አለኝና በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፈረ። ምን ብሎ ሊለምነው እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም፤ እኔም ኩርፊያዬን ይዤ አልጠየቅሁትም። ቤቱን ዞር ዞር ብዬ አየሁት። በረንዳውን አየሁት። በእግሬ ያቦካሁትን ግድግዳ በእጄ ዳበስሁት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መሪጌታ ሄድሁ።

"የኔታ፣ ሳጥኑ የእኛ አይደለም" አልኋቸው።

"የማነው?"

"የመርከብ ኩባንያ።"

"ስሙ ማነው?"

"አላውቀውም።"

"አገሩስ?"

"እሱንም አላውቀውም የኔታ። ባሕር ማዶ ነው።"

"ስሙ የማይታወቅ፣ አገሩ የማይታወቅ ባለቤት" አሉ ጺማቸውን እያፍተለተሉ። "የሻረግ፣ ታቦቱ ግን እዚህ ነው። ቅጥር የገባውን ዕቃ አውጥቼ ብሰጥሽ ነገ ሕዝቡ ምን ይለኛል? 'መሪጌታ ከታቦት አፍ ነጠቀ' ይለኛል።"

ሳጥኑን በድብቅ እንዳላወጣው ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ይሆንብኛል፤ ከሉማሜ ድረስ ይታያል። ለቅሶዬ መጣ። ሳለቅስ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በንግሥ ቀን ሰው የተሳለውን ጃንጥላ፣ በግ፣ ምንጣፍ ያስገባል፤ ቅዳሴው ሲያልቅ ደግሞ ያው ዕቃ ቅጥሩ ውስጥ በጨረታ ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለቤተ ክርስቲያን ይገባል፤ ዕቃውን የገዛው ይዞ ይሄዳል፤ ማንም አይቀየምም። "የኔታ፣ ለምን እንደ ስለት በግ በጨረታ አይወጣም?" አልኋቸው።

መሪጌታ ጺማቸውን ለቀቁ። ከዚያ ፊታቸው ፈታ አለ። በኋላ እንደሰማሁት እሳቸውም መውጫ ሲፈልጉ ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ ሳጥኑ ውስጥ የተቀመጠው ጧፍ ሁሉ በሙቀቱ እየቀለጠ አስቸግሯቸዋል። "ለንግሡ ይውጣ" አሉኝ።

የንግሡ ዕለት ድሪዬን አንገቴ ላይ አሰርሁ። የእናቴ ወርቅ ነው፤ ለሠርጌ ነው የሰጠችኝ። ቤት ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ቋጠርሁና ሄጄ ከሴቶቹ በኩል ቆምሁ። ስማቸው አዲስ አበባ ነው ብዬ ነው የማምነው። በደብራችን ጨረታ ሲካሄድ የሰው ስም አይጠራም፤ "ውዳሴ ከንቱ ይሆናል" ይላሉ። ተጫራቹ አጠገቡ ላለው ዲያቆን በሹክሹክታ ይናገራል፣ ዲያቆኑ እጁን ያነሣል፣ መሪጌታ ደረጃው ላይ ሆነው ያውጃሉ። ወንዶች በሰሜን፣ ሴቶች በደቡብ፣ መካከል ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ማን ከማን ጋር እንደሚጫረት የሚያውቅ የለም።

በጉ ተሸጠ፣ ጃንጥላው ተሸጠ፣ ምንጣፉ ተሸጠ። ተራው የሳጥኑ ሆነ። መጀመሪያ ብዙ ሰው ገባበት። ከሞጣ የመጡ አንድ የእህል ነጋዴ፣ ሐጂ እንድሪስ፣ ለመጋዘን ፈልገውት ከቅጥሩ በር ላይ ቆመው ይጫረቱ ነበር። የእኔ ቤት መያዣ መሆኑን አንዲት ሴት ስትነግራቸው "አስተግፊሩላህ! በሴት ልጅ ቤት ላይ አልጫረትም" ብለው ተዉት። እኚህን ሰው እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ። ሌላውም እየተወ እየተወ ሄደ። ለእኔ ቀረልኝ ብዬ እፎይ ልል ስል፣ መሪጌታ "ከወንዶች በኩል ተጨመረ!" አሉ።

ጨመርሁ። "ከሴቶች በኩል ተጨመረ!"

"ከወንዶች በኩል ተጨመረ!"

ይህ ማን ነው የማይራራ? ይህ ማን ነው ከተማው ሁሉ ጉዴን እያወቀ የሚጫረተኝ? ደሜ ፈላ። የቋጠርሁት አለቀ። ከጎረቤቶቼ ተበደርሁ፣ እሱም አለቀ። ድሪዬን ፈትቼ ለዲያቆኑ ሰጠሁት። "ከሴቶች በኩል የወርቅ ድሪ!" ሲሉ ሴቶቹ እልል አሉ።  አለቀ፣ ወሰድሁት አልሁ በልቤ። መሪጌታ "አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ!" ብለው ሦስተኛውን ሊሉ ሲሉ ከሰሜን በኩል እጅ ወጣ።

"ከወንዶች በኩል ሁለት የእርሻ በሬ! ቦራና ዳማ!"

ቦራና ዳማ! ከአባቴ ከብት የቀሩኝ በሬዎች! ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ! ቀዩ ዳማ! በዚያ አገር ሌላ ቦራና ዳማ ያጣመደ ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። ሴት ወደ ወንዶቹ በኩል እንደማታልፍ ረሳሁት፤ ቤተ ክርስቲያኑን በሩጫ ዞርሁት። ስማቸው እዚያ ቆሟል። ወኪሉ እምቢ ብሎት፣ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርዶ፣ ጨረታ እንዳለ መናኸሪያው ላይ ሰምቶ፣ ሳይታጠብ በቀጥታ መምጣቱ ነው። አፈር እንደለበሰ።

"ስማቸው! የኔን በሬ በኔ ላይ ትጫረታለህ?"

"አንቺ ነሽ እንዴ?" አለኝ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። "እኔ እኮ ይህች ጨካኝ ሴት ማናት እያልሁ ስረግማት ነበር!"

ቅጥሩ በሳቅ ተናወጠ። ቄሱ ሳቁ፣ ዲያቆኑ ሳቀ፣ ሐጂ እንድሪስ በሩ ላይ ሆነው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ ግን አልሳቅሁም። "የኔታ፣ የእሱ ይሰረዝ፤ በእኔ ድሪ ይለቅ" አልሁ። ስማቸውም "የእሷ ይሰረዝ፤ በእኔ በሬ ይለቅ" አለ። መሪጌታ ሁለታችንንም አዩን።

"ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል" አሉ። "አንድ አካል ናችሁ። አንድ አካል በቀኝ እጁ የሰጠውን በግራ እጁ አይቀማም። ድሪውም ይግባ፣ በሬዎቹም ይግቡ። ሳጥኑን ውሰዱ!"

እልልታ። እኔ ምን ልበል? ሕዝቡ ሁሉ እልል እያለ ምን ልበል!

ቀሪው ደግሞ ሳጥኑን መኪና ላይ ማውጣት ነበር። ማውረዱ ቀላል ነው፤ ማውጣት ግን ክሬን ይፈልጋል፣ ክሬን ደግሞ ቢቸና የለም። ከዚህ በኋላ ነው የአገሬን ሰው ያወቅሁት። በሣልስቱ መሪጌታ ከተማሪዎቻቸው ጋር አካፋ ይዘው መጡ። መኪናዋ ቁልቁል ገብታ ጀርባዋ ከመሬቱ እኩል እንዲሆን ከሳጥኑ ፊት ለፊት ትልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሰዓት ሠሪው ቆፈረ፣ አስተማሪዎቹ ቆፈሩ፤ ከደሴ ተመድቦ የመጣ የጤና ረዳት እጁ እስኪላጥ ቆፈረ፤ ሐጂ እንድሪስ ከሞጣ ገመድ ላኩ። ሴቶች ውሃና ጠላ አቀረብን። ስማቸው መኪናዋን በኋላ ማርሽ ጉድጓዱ ውስጥ አስገባት። ሕዝቡ "ሆ!" እያለ ሳጥኑን በግንድ ላይ እያንከባለለ ጎተተው፣ ጀርባዋ ላይም ቁጭ አለ። "ለታቦቱ ይሁን" ሲል እልል ያሉት እነዚያው ሰዎች፣ እነዚያው እጆች ናቸው። ያን ጊዜ አለቀስሁ። እንኳን ሳጥን፣ ዓባይንም ቢሆን ሽቅብ የሚጎትቱ መሰለኝ። ካርታችን በወሩ ተመለሰ።

ስማቸው ከዚያ ወዲያ ስንቱን ኮንቴይነር እንደጫነ ቁጥሩን አላውቅም። ወደቡ ወደ ጅቡቲ ዞረ፤ ኤንትሬዋ አርጅታ ተሸጠች፤ በእሷ ፋንታ ሌላ፣ ከእሱም በኋላ ሌላ ተገዛ። መኪናዎቹን ሁሉ በእኔ ስም ነበር የሚያዞራቸው፤ "የኔን አፍ አላምነውም፣ አንቺ ጋ ይሁን" ይል ነበር። ዕድሜ ሲገፋ ልጃችን ሥራውን ያዘ፤ ሥራው ወደ ባሕር ዳር ስላደላ እኔንም ሞጣ አመጣኝ። ድሪዬን ሁልጊዜ እያነሣሁ እወቅሰው ነበር። በየዓመቱ በንግሡ ቀን "ቦራና ዳማ" ብዬ እጀምርለታለሁ። እሱም "ለታቦቱ ይሁን አልሁ እንጂ ለጠላት ይሁን አላልሁ" ይላል። ሲሞት የምወቅሰው ሰው አጣሁ። ሰው የሚናፍቀው ፍቅርን ብቻ የሚመስለው ሰው አላገባም።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት በዚያችው ቤት ተዝካሩን አወጣን። ድንኳን ተጣለ፣ ካህናቱ መጡ፣ ነዳያን በሉ። ቤቷን ሳያት ልቤ ተነካ፤ ግድግዳዋ ሳይነቃነቅ እንዳለ ነው። ደሳለኝ በረንዳው ላይ ቆሞ ከገዢው ጋር በስልክ ይነጋገራል። "አዎ፣ እናቴ ተስማምታለች" ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። እኔ መቼ ተስማማሁ? ልጠራው ስል መሪጌታ ጥበቡ በከዘራ ደገፍ እያሉ ገቡ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። በሩን ሲያልፉ ቆም አሉና ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉት። ያኔ ሳጥኑን እንደመቱት ነው።

"የሻረግ" አሉኝ፤ "እንዴት ያለ ቤት ነው! ክረምት ሲገባ የእኔ ተማሪዎች ጎጆ እየፈረሰባቸው ዝናብ ላይ ያድራሉ። ይህ ቤት ግን ስንት ዓመቱ? ዛሬም ጽኑ ነው። የታደለ ቤት!"

አፌ "ለእርስዎ ይሁንልዎ" ሊል ነበር። በእናቴ አጥንት፣ እሱን ሊል ነበር። "በአንቺ ያምራል" ይሉኝና እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ድምፄ ከፍ ብሎ፣ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስ፣ "ለታቦቱ ይሁን!" አልሁ።

እልልታው ሲነሣ ደሳለኝ ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

ወደ ሞጣ ስንመለስ ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ስልኩ ሲጮህ አላነሣም። በኋላ፣ "እማዬ፣ የአፍ ወለምታ ነው በይና ነገ ለመሪጌታ ስልክ ደውይላቸው" አለኝ።

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።"

"አውቀሽ ነው እንዴ ያልሽው?"

እኔም ራሴን ያንኑ ነበር የምጠይቀው። 

"እሺ" አለ፤ አባቱ ሲናደድ እንደሚያደርገው መሪውን ጨበጥ አድርጎ። "ጨረታ ይወጣ የለ? ለንግሡ እመጣለሁ፣ ተጫርቼ እገዛዋለሁ።"

"ና። አንተ ከወንዶቹ በኩል ቁም። እኔ ከሴቶቹ በኩል እቆማለሁ።"

"በምን ልትጫረቺኝ? ድሪ የለሽም። በሬ የለሽም።"

"ኮንቴይነር የምትጭንበት መኪና ሊብሬው በማን ስም ነው?"

ደሳለኝ መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመው። ዞሮ አየኝ። ሊቆጣ ነው ስል፣ የአባቱን ሳቅ ሳቀ።

"አባዬ ግን እንዴት ቻለሽ?" አለኝ።

"የቻልሁትስ እኔ ነኝ" አልሁት። "ንዳ።"